ሁለት ጣት የጎደለው ፍሬን ያዥ

የፔንሲልቬኒያዋ የባቡር ከተማ የሼፈርስ ጋፕ ሰው እንግዳ ሲመጣበት ፊቱን አያይም፤ እጁን ነው የሚያየው። አሥሩም ጣት ተሟልቶ ከተገኘ ገበሬ ነው፣ ወይም ሰባኪ ነው፣ ወይም ገና ከእናቱ ጉያ የወጣ ነው ተብሎ በትሕትና ይታለፋል። አንድ ከጎደለው ባቡር ላይ ሠርቷል ማለት ነው። ሁለት ከጎደለው ወንበር ይሳብለታል።

ነገሩ ወዲህ ነው። በዚያ ዘመን ፉርጎ ከፉርጎ የሚያያዘው በብረት ቀለበትና በችንካር ነበር። ፉርጎዎቹ ሲቀራረቡ መሃላቸው ቆሞ ቀለበቱን ወደ ቀዳዳው የሚመራው ፍሬን ያዡ ነው። ይኸው ሰው ባቡሩ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ደግሞ ጣራ ለጣራ እየሮጠ የየፉርጎውን የእጅ ፍሬን ያጠብቃል። ከጣራው ቢተርፍ ቀለበቱ ይጠብቀዋል፤ እጁን በጊዜ ካልሰበሰበ ፉርጎ ይቅርታ አያውቅም። ስለዚህ የጎደለ ጣት እዚያ ከተማ ከማንም ማኅተም የበለጠ ምስክር ነው። ይህን ምስክር ከሁሉ አሳምሬ አነባለሁ ባዩ የባቡር ግቢው አለቃ ሚስተር ፊንያስ ማክላርነን ነበር። እሱ ራሱ ሦስት ጣት የለውም። በቀሩት ጢሙን እየጠመዘዘ «አፍ ይዋሻል፤ እጅ ግን ዋሽቶኝ አያውቅም» ይላል። ሚስቱ በሞተችበት ዓመት እንኳ ይህን ማለት አላቋረጠም።

ኢኖስ ትራውትማን ወደዚህ ከተማ የመጣው ቶርኖ፣ የብረት መላጫ ማሽን፣ ፍለጋ ነው። ብረት ማሽከርከርና መላጥ ከልጅነቱ የተማረው፣ ከዚያ ሌላ የማይችለውና የማይወደው ሥራው ነበር። ችግሩ ግራ እጁ ላይ ሌባ ጣትና መሃል ጣት አለመኖራቸው ነው። በሐዲዱ መስመር ያሉትን ወርክሾፖች አንድ በአንድ አንኳኳ። «ቶርኖ በስምንት ጣት? ደኅና ዋል» ይሉታል፤ በሩ ይዘጋል። ሼፈርስ ጋፕ የመስመሩ መጨረሻ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ተራራ ነው፤ ከተራራው ወዲያ ደግሞ ላም ማለብ ነው፤ ኢኖስና ላም ደግሞ አይዋደዱም።

ጣቶቹን የወሰደበት ምን እንደሆነ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። እኛ ግን እንናገር፤ ጣቶቹን ያስበላው ቋሊማ ነው። አንድ የብርድ ቀን እናቱ ያጨሰችለትን ቋሊማ እንዲሞቅለት ብሎ ከሚዞሩት የቶርኖው ጥርሶች በላይ ባለው ብረት ላይ አስቀመጠው። ቋሊማው ተንከባለለ። የፔንሲልቬኒያ ጀርመን ደግሞ ምግብ ሲወድቅ ቆሞ አያይም፤ እጁን ሰደደ። ጥርሶቹ ግማሽ ቋሊማና ሁለት ጣት ይዘው ዞሩ። እሱ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ከባልደረቦቹ አንዱ ጎንበስ ብሎ «ሰናፍጭ ነበረበት?» ሲል ጠየቀው። ከቁስሉ ይልቅ ያሳመመው ይህ ጥያቄ ነበር። ከዚያ ከተማ ያባረረውም እሱ ነው።

እና ኢኖስ ወርክሾፑ በየት በኩል እንደሆነ ለመጠየቅ ወደ መጀመሪያው በር ገባ። በሩ የሚስተር ማክላርነን ቢሮ ነበር። ምድጃውን ከብበው የተቀመጡ ፍሬን ያዦች ነበሩበት።

«ይቅርታ፣ ወርክሾፑ በየት…»

ሚስተር ማክላርነን አላስጨረሰውም። የኢኖስን ግራ እጅ አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው።

«አትንገረኝ» አለ። «ሌባ ጣትና መሃል ጣት። ቀለበቱን ከታች ወደ ላይ ስትመራ ነው። ብርድ ነበር፤ ጓንት አድርገሃል።»

«ሚስተር፣ እኔ እንኳ…»

«አትንገረኝ አልኩህ። ጓንት አድርገህ ቀለበት ስትይዝ ያ የመጨረሻህ ነው፤ ተምረሃል። እኔ የምፈልገው አንድ ጊዜ የተማረ ሰው ነው። ነገ ጠዋት ሆግባክ ተራራን ትወጣለህ። ኮርማክ፣ ለሰውዬው ወንበር ሳብለት።»

ኮርማክ ደንሊቪ የሚባል ቀይ ጸጉር ያለው ረጅም አየርላንዳዊ ወንበሩን ሳበ። የተቀመጡት ሁሉ ራሳቸውን በአክብሮት ነቀነቁ። ለኢኖስ ከዚያ የቋሊማ ቀን ወዲህ ወንበር የሳበለት ሰው አልነበረም። እውነቱን መናገር ያለበት ያን ጊዜ ነበር። ግን ወንበሩ ሞቅ ያለ ነበር፤ ከምድጃው አጠገብ ነው። ተቀመጠ።

ፍሬን ያዦቹ የሚያድሩት ታቢታ ኮፍሊን ከምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ዘንድ ነው። ታቢታ ለእንግዶቿ አልጋና ቁርስ ትሰጣለች፤ ምላሷን ደግሞ ያለ ክፍያ ትጨምርላቸዋለች። በማግስቱ ጠዋት ለኢኖስ የተጠበሰ ቋሊማ አቀረበችለት። ሰሐኑን በአንድ ጣት ገፋ አደረገው።

«ምነው?»

«አልወድም፣ ሚስስ ኮፍሊን።»

«ስምህ ትራውትማን፣ ጀርመን ነህ፤ ቋሊማ አትወድም። እሺ። ጫማህስ?»

«ጫማዬ ምን ሆነ?»

«ጣራ ላይ የሄደ ጫማ ሶሉ ነው የሚያልቀው። ያንተ ላዩ ነው በእሳት ፍንጣሪ የተበሳሳው። ባሌ የወርክሾፕ ሰው ነበር፤ ይህን ጫማ ዕድሜ ልኬን ጠርጌዋለሁ። ዱላህስ የት አለ?»

ኢኖስ ስለ ዱላ የሰማው ነገር አልነበረም። ማዶ ተቀምጠው የሚበሉት ሁሉ ግን በየወንበራቸው ጎን ሂከሪ ከሚባል ጠንካራ እንጨት የተጠረበ ወፍራም ዱላ አስደግፈዋል። እያንዳንዱ ፍሬን ያዥ ዱላውን ራሱ ይጠርባል፤ በፍሬኑ መዘውር መሃል ሰክቶ በዱላው ኃይል ያጠብቃል። ሚስት አውሰኝ ማለት ዱላ አውሰኝ ከማለት ይቀላል።

«ጠፋብኝ።»

«የት?»

«ወንዝ ውስጥ።»

«የትኛው ወንዝ?»

«ትልቁ።»

ታቢታ ሰሐኑን አነሣች። «የኔ ወንድም፣ የምትዋሽ ከሆነ ቢያንስ የአንድ ወንዝ ስም አጥና» አለችና፣ ከበሩ ኋላ የባሏን አካፋ እጀታ አውጥታ ሰጠችው። ለማንም ግን አልተናገረችም። ሴትዮዋ ምላሷ ሹል ቢሆንም ሰውን የምትወጋው ፊት ለፊት ነው።

ባቡሩ ባዶ ፉርጎዎቹን ይዞ ሆግባክን ወጣ፤ ላይ ካለው የኖራ ማምረቻ ኖራ ጫነ። ለመውረድ ሲዘጋጅ ኮርማክ «አንተ የኋለኞቹን ያዝ፣ እኔ የፊተኞቹን» ብሎ ሄደ። ሌላ ምንም አላለውም። ለምን ይበለው? ሁለት ጣት ለጎደለው ሰው ፍሬን ማስተማር ለአሣ ዋና ማስተማር ነው። ኢኖስም አልጠየቀም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው፤ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠበት ሰዓት ጀምሮ አፉ ተዘግቷል።

መሰላሉን ይዞ ጣራው ላይ ወጣ። ጣራው ላይ ያለችው መሄጃ ሳንቃ ለድመት የተሠራች እንጂ ለሰው አይደለችም። አንዱን ጣራ ከሌላው የሚለየው ክፍተት ሲያዩት የሕፃን እርምጃ ነው፤ ግን ከሥሩ ሐዲዱ እንደ ወንዝ ይፈሳል። ኢኖስ የመጀመሪያውን ክፍተት የተሻገረው ዓይኑን ጨፍኖ ነው። ሁለተኛውን ሲሻገር ዓይኑን ከፈተ፤ መጨፈኑ ይሻል ነበር።

ከፊት ነጂው አንድ አጭር ፊሽካ ነፋ፤ ፍሬን ያዙ ማለት ነው። ኮርማክ ሩቅ ላይ ዱላውን ሲሰካ አየ። ኢኖስም የአካፋውን እጀታ ሰክቶ መዘውሩን አዞረ። ሰንሰለቱ ከሥር ተጠቀለለ፤ ማነቂያው ብረት መንኮራኩሩን ያዘው፤ ፉርጎው እንደታመመ በሬ አቃሰተ። በእግር የምትረገጠው መቆለፊያ ምላስ የመዘውሩ ጥርስ ውስጥ ገብታ ወደ ኋላ እንዳይዞር አጸናችው።

እስከዚህ ደግ ነበር። ግን ኢኖስ የወርክሾፕ ልጅ ነው። በወርክሾፕ የሚያቃስት ነገር ያልጠበቀ ነገር ነው፤ ያልጠበቀ ነገር ደግሞ ተፈትቶ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ባለ በሌለ ኃይሉ ጨመረበት። አንድ ጥርስ፤ አሁንም አንድ ጥርስ። ማቃሰቱ ቆመ። በምትኩ ከሥር ቀጭን፣ ረጅም፣ እንደ ሴት ልጅ ዜማ ያለ ድምፅ ወጣ። ኢኖስ ደስ አለው። እንዲህ ያለ ጥራት ያለው ድምፅ የሚሰማው ደኅና የተሳለ ብረት ሲልጥ ብቻ ነበር። ወደሚቀጥለው ጣራ ዘለለና እሱንም ሊያዘፍን መዘውሩን ያዘ።

ነፋሱ ግን ፊቱን ይገርፈው ጀመር። ዛፎቹ ፈጠኑ። ነጂው ፊሽካውን ደጋግሞ ነፋ፤ አጭር፣ አጭር፣ አጭር። ኮርማክ ቀይ ጸጉሩ እየተንቦገቦገ ጣራ ለጣራ ሲሮጥ መጣ። ኢኖስን ሳያየው አልፎ የሚዘፍነው ፉርጎ ላይ ደረሰ፤ ምላሷን በእግሩ መታት። መዘውሩ እንደ እብድ ወደ ኋላ ተሽከረከረ። ኮርማክ ጥቂት አስፈትቶ እንደገና ያዘው፤ ፉርጎውም ወደ ማቃሰቱ ተመለሰ።

«ፉርጎዋ ስትዘፍን እየሰማህ ዝም ትላለህ?» አለ፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ።

«ዘፈኑ ጥሩ መስሎኝ ነው።»

«ጥሩ! መንኮራኩሩ ሞቶ፣ መዞር አቁሞ እኮ ነው የሚዘፍነው። ማቃሰት ነው ያለባት። ካቃሰተች ትይዛለች፤ ከዘፈነች ትንሸራተታለች፤ ከተንሸራተተች እኔና አንተ ታች ያለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጣራው በኩል እንገባለን። ይህን የማያውቅ ሰው ሁለት ጣት እንዴት አጣ?»

ኮርማክ መልሱን ለመስማት ጊዜ አልነበረውም፤ ቀሪዎቹን ሊያጠብቅ ሮጠ። ሁለቱ እየተረዳዱ፣ አንዱ እየሰደበ ሌላው እየተሰደበ፣ ባቡሩን አሳምነው አወረዱት። ነጂው ሁለት ፊሽካ ነፋ፤ ፍሬኑ ሁሉ ተፈታ። ያን ጊዜ ነው ጉዱ የተሰማው።

ዷ። ዷ። ዷ። ዷ።

ሳይሽከረከር የተንሸራተተ መንኮራኩር እንደ አይብ ይቆረጣል። አንድ ወገኑ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ በዞረ ቁጥር ሐዲዱን እንደ መዶሻ ይመታል። የሼፈርስ ጋፕ ሰው ይህን ድምፅ ከቤተ ክርስቲያን ደወል አብልጦ ያውቀዋል። በየበሩ ወጣ። ታቢታ ኮፍሊን ክንዷን አጣጥፋ ከደጇ ቆመች።

«ሠርግ አለ እንዴ?» አለች። «ከበሮ ሰማሁ።»

የከተማው ደንብ የታወቀ ነው። መንኮራኩር ጠፍጣፋ ያደረገ ሰው ራሱ ወደ ወርክሾፑ ይገፋዋል፤ ዋናውን መንገድ አቋርጦ፣ ሰው ሁሉ እያየው። በማግስቱ ጠዋት የጥገና ሰዎች ፉርጎውን በክሪክ አነሡት። የእጅ ፍሬን የዚያን ጊዜ የሚይዘው የፉርጎውን አንድ ጫፍ ብቻ ስለነበር የተበላሹት ሁለት አክሰሎች ናቸው። ኢኖስ የመጀመሪያውን አክሰል ከነመንኮራኩሮቹ በጎን ሐዲዱ ላይ ይገፋ ጀመር። ትንሽ ይሄዳል፤ ጠፍጣፋው ላይ ሲደርስ ቁጭ ይላል። ገፋ፤ ቁጭ። ገፋ፤ ቁጭ። ከኋላው ኮርማክና ፍሬን ያዦቹ ኮፍያቸውን አውልቀው እንደ ቀብር ሸኚ በዝግታ ተከተሉት። ሚስተር ማክላርነን ከሁሉም ኋላ፣ እጅ ዋሽቶት እንደማያውቅ ሰው ፊቱን አኮፋፍሮ መጣ።

የወርክሾፑ በር ሲከፈት የሞቀ ዘይትና የብረት ሽታ ወጣ። በጣራው ርዝመት አንድ ዘንግ ይዞራል፤ ከዘንጉ ወደየማሽኑ ቺንጊያ የሚሉት የቆዳ ቀበቶ ይወርዳል፤ ሁሉን የምታዞረው ጥግ ያለች አንዲት የእንፋሎት ሞተር ናት። እሷ ካኮረፈች ቤቱ ሁሉ ያኮርፋል። ኢኖስ ከተባረረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ወደ ቦታው ወረደ። መሃል ላይ ደግሞ እሱ በሕልሙ የሚያየው ነገር ቆሟል፤ አክሰሉን ከነመንኮራኩሮቹ ይዞ የሚያሽከረክር፣ በሞረድ ድንጋይ የሚልጥ ትልቅ ቶርኖ። የሚሠራበት ሰው የለም።

«ኦሃዮ ሄደ» አለ የወርክሾፑ አለቃ ሚስተር ግዊሊም ፕሮበርት። ወፍራም የዌልስ ሽማግሌ ነው፤ ከሰው ይልቅ ከማሽን ጋር ማውራት ይቀናዋል። «ኦሃዮ ምን አለ? ሜዳ። ሜዳ ላይ ፍሬን ምን ያደርጋል? ና እስቲ አንተ ከበሮ መቺ፣ አክሰሉን አግዘኝ።»

አክሰሉን በሰንሰለት አንሥተው ቶርኖው ላይ አስቀመጡት። ሚስተር ፕሮበርት ማሽኑን ሊያስነሣ ቺንጊያውን ወደሚያዞረው መዘውር፣ ወደ ፑሌጃው ገፋው። ቺንጊያው ጮኸ፣ ተንሸራተተ፣ እንደ እባብ ተገላብጦ ሊወጣ ሲል ኢኖስ አላሰበበትም፤ አክሰሉን ሲገፋበት የመጣውን የታቢታን አካፋ እጀታ ሰድዶ ከጎኑ ደገፍ አደረገው። ቺንጊያው ቦታው ተቀመጠ። ቶርኖው ለስለስ ብሎ ዞረ።

ሚስተር ፕሮበርት ቀና አለ።

«ፍሬን ያዥ ከቺንጊያ ይሸሻል» አለ። «እኔ እዚህ ስሠራ አንድም ሲጠጋ አላየሁም። አንተ ማን ነህ?»

«ፍሬን ያዥ ነው» አለ ሚስተር ማክላርነን ከበሩ። «እጁን እየው።»

«እጁንማ አየሁ፤ ስላየሁ ነው የምጠይቀው። አንተ ልጅ፣ ቶርኖ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ጣትህን የበላው ቶርኖ ነው። በምን ምክንያት? ይህን ሳልሰማ እዚህ ማሽን አጠገብ የማቆመው ሰው የለም። ለምን እንደተነከሰ የማያውቅ ሰው ደግሞ ይነከሳል።»

በኢኖስ ፊት ሁለት ነገር ቆመ። ዝም ካለ ወንበሩና ክብሩ ይቀሩለታል፤ ነገ ደግሞ ጣራ ይወጣል። ከተናገረ ቶርኖው ምናልባት የሱ ይሆናል፤ ቋሊማው ግን በእርግጥ የሱ ይሆናል፣ እስከ መቃብሩ።

«ቺንጊያ ተበጠሰ…» ብሎ ጀመረ። ሚስተር ፕሮበርት ፊቱን ወደ ማሽኑ ሲመልስ አየና አቆመ። በሩ አጠገብ ታቢታ ነበረች፤ የአካፋ እጀታዋን ልትወስድ መጥታ ይሁን ሰርከስ ልታይ አልታወቀም። ቅንድቧን አንሥታ አየችው፤ «የወንዙስ ስም?» የምትለው መሰለው።

«ቋሊማ ነው» አለ ኢኖስ።

«ምን?»

«ቋሊማ። እንዲሞቅልኝ ከጥርሶቹ በላይ አስቀመጥኩት። ተንከባለለ። ልይዘው እጄን ሰደድኩ።»

ከዚያ ኮርማክ ደንሊቪ፣ ዓይኑ በእንባ ሞልቶ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ የዓለምን ሸክም የተሸከመ ሰው ይመስል ጠየቀ።

«ሰናፍጭ ነበረበት?»

ኢኖስ ከዚህ ጥያቄ ስንት ከተማ ሸሽቷል። አልሸሹም ዞር አሉ እንዲሉ፣ ጥያቄው ቀድሞት እዚህ ደርሶ ይጠብቀው ኖሯል። ዞሮ ኮርማክን አየ፤ ቶርኖውን አየ። የሚሄድበት ሌላ ከተማ አልነበረም፤ ደግሞም፣ ይገርማል፣ መሄድ አልፈለገም።

«አልነበረበትም» አለ። «የእናቴ ቋሊማ ሰናፍጭ አያስፈልገውም።»

ሳቁ ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። ኢኖስ ይህኛው ሳቅ ከዚያኛው ለምን እንደተለየ አያውቅም፤ ምናልባት በዚህኛው እሱም ስለሳቀ ይሆናል። ከሞተሯ ሌላ ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዱ ሚስተር ፕሮበርት ነው።

«ማሽኑ ምን ሆኖ ነበር?» ሲል ጠየቀ።

«ምንም አልሆነም። ማሽኑ ሥራውን ይሠራ ነበር።»

«ክዳን ነበረው?»

«አልነበረውም። ቢኖረው ግን ቋሊማውን ክዳኑ ላይ አስቀምጠው ነበር።»

ሽማግሌው የቶርኖውን ብረት መታ መታ አደረገ። «እዚህ መጥቶ ማሽኑን ያልከሰሰ የመጀመሪያ ሰው አንተ ነህ» አለ። «ምሳህን ውጭ ትበላለህ፤ ዝናብም ቢሆን፣ በረዶም ቢሆን። አሁን የገዛ ከበሮህን ሞርደህ አሳየኝ።»

ሁለተኛው ያልሳቀ ሚስተር ማክላርነን ነበር። ጢሙን ለቆ ወደ ኢኖስ ተጠጋ።

«እኔን ለምን አልነገርከኝም?»

«ልነግርዎ ነበር፣ ሚስተር ማክላርነን» አለ ኢኖስ፤ ዓይኑ ከሚዞረው መንኮራኩር አልተነሣም። «አትንገረኝ አሉኝ። ደገሙልኝም።»

ኮርማክ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሆዱን ያዘ።

ኢኖስ ጠፍጣፋውን እስኪጠፋ ሞረደው። ፍንጣሪው የተበሳሳ ጫማው ላይ እንደ ድሮው ዘነበ። ሁለተኛውን አክሰል ፍሬን ያዦቹ ራሳቸው ገፍተው አመጡለት፤ ደንቡ ባይፈቅድም የሳቁበት ዋጋ ነው አሉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ኮርማክ የጠረበውን አዲስ የሂከሪ ዱላ ይዞ መጣ። ጫፉን አድበልብሎ፣ መሃሉን አጉብጦ፣ ቋሊማ አስመስሎታል። ኢኖስ ቺንጊያ ለመመለስ የሚጠቀመው በሱ ሆነ፤ የታቢታን የአካፋ እጀታ መለሰላት፤ ቁርሷንም መብላት ጀመረ።

በአየር ግፊት የሚሠራ ፍሬን መጣ፣ ጣራ ላይ መሮጥ ሊቀር ነው እየተባለ ይወራ ጀመር። በሼፈርስ ጋፕ ግን ገና ዓመታት ቆየ፤ እንግዳም ሲመጣ እጁ ይታያል። ሚስተር ማክላርነንም እጅ ማንበቡን አልተወም፤ ወደ መስኮቱ ያዞራል፣ አገላብጦ ያያል፣ «አትንገረኝ» ይላል። ልዩነቱ፣ ከዚያ ወዲህ ወንበር ከመሳቡ በፊት የእንግዳውን እጅ ወደ አፍንጫው ጠጋ አድርጎ ቋሊማ ቋሊማ እንዳይል ያሸትተዋል።